የማይኮመጥጠው የትሁኔ ጠጅ

ከባሕር ዳር የተነሳሁት አንድ ነገር ለማወቅ ቆርጬ ነው። ጠጅ ጥዬ እሸጣለሁ፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ ግን ጠጄ ሳይጠጣ ይኮመጥጥብኛል። እንጅባራ ውስጥ ትሁኔ የምትባል፣ ከእናት ከአያቷ ጀምሮ ጠጅ ጣይ የሆነች ሴት፣ ከርሞ የማይኮመጥጥ ጠጅ እንደምትሠራ ሰማሁ። ሳልቀምስ አላምንም ብዬ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ዳንግላ፣ ረፋድ ላይ

ጎማ እስኪቀየር ሽሮ በላሁ። አጠገቤ የተቀመጡ የጫግኒ ማር ነጋዴ ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ።

"ትሁኔ ጋ? ማር የማቀርብላት እኔ ነኝ። ስኳር የነካውን ትመልስብኛለች" አሉ። "አባቷ ግን ያን ጠጅ እስካሁን አልቀመሱላትም።"

ከዳንግላ ወዲያ ብርዱ በረታ። በመንገዱ ዳር በማዳበሪያ የታሰረ ከሰል ተደርድሯል፤ ፈረሰኞች ጋቢያቸውን ተከናንበው ያልፋሉ።

እንጅባራ

ባጃጁ ደጇ ድረስ አደረሰኝ። ትሁኔ እኩያዬ ስለሆነች ወዲያው አንቺ ተባባልን።

"እናቴ ስትሞት ጋኖቹ ለእኔ ቀሩ" አለችኝ። "አንድ ክረምት መንገድ ተዘጋና ጠጪ ጠፋ። የጣልኩት ሁሉ ኮምጥጦ ደፋሁት። ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ አልደፋም አልኩ።"

ከማር አረቄ ማውጣት ጀመረች። ጠጁ ገና እየፈላ ሳለ አረቄውን ስትጨምርበት መፍላቱን ያቆማል፤ ጣፋጭነቱም ይቀራል። የመጀመሪያው ጠጅ አረቄው በዝቶበት ጉሮሮ አቃጠለ። ሁለተኛው አረቄውን ቸኩላ ስለጨመረችበት ሳይፈላ ብርዝ ሆኖ ቀረ። ጎረቤት ሳቀ። አባቷ "የእናትሽን ሙያ አረከስሽው" ብለው ጽዋውን ሳይቀምሱ መለሱ። እሷ ግን ሦስተኛውን ጣለች፤ ጓዳም ዘግታበት ዓመት አቆየችው።

እሱን በብርሌ ቀዳችልኝ። መጀመሪያ ማሩ መጣ፤ ቀጥሎ ጌሾው፤ በመጨረሻ ደረቴን ሞቅ አደረገኝ። ኮምጣጣነት የለውም።

አባቷ ከግድግዳው ጥግ ሆነው ያዩኝ ነበር። "አንቺም ጠጅ ትጥያለሽ አሉ። እንዴት ነው?"

"እርስዎ ቢቀምሱት ይሻላል፣ አባቴ። እኔ የእናቷን ጠጅ አላውቀውም።"

እጃቸውን ዘረጉ። ትሁኔ ቀዳችላቸው። ተጎንጭተው በአዊኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ እሷ ፊቷን አዞረች።

"ምን አሉ?" ብዬ ጠየቅኳት።

"'የእናትሽ አይደለም' አለኝ።"

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ ጨረሱት። "የራሷ ነው።" ብርሌውን መልሰው ዘረጉላት። "ድገሚኝ።"

ባሕር ዳር

በማግስቱ ቤቴ ገባሁ። የወረሱትን ሙያ ማክበር ማለት ሳይነኩ መጠበቅ ይመስለኝ ነበር። ትሁኔ ግን የእናቷን ቤት ያቆመችው ደፍራ በመለወጥ ነው። እኔም እንደ እሷ አረቄ የሚገባበትን የመጀመሪያውን ጠጅ ጥያለሁ። ይበላሽ ይሆናል፤ ከተበላሸም ሌላ እጥላለሁ።