ልጄን ከጣልያን መነኮሳት ላስመልስ ስሄድ

ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሊልበርን፣ አትላንታ አጠገብ

ባለቤቴ ሻንጣዬን መኪናው ውስጥ ከተተልኝ። ሽሮውና በርበሬው ከልብሱ ስለሚበልጥ፣ ልጅቷን ልታመጪ ነው ወይስ እዚያው ምግብ ቤት ልትከፍቺ ብሎ ቀለደብኝ። እኔ አውሮፕላን እፈራለሁ። ሃይዌዩ ጭር ብሏል። በትራፊክ ተዘግቶ አውሮፕላኑ ቢያመልጠኝ ደስታዬ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ መክሊት የተጎዳ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መጠገን ልትማር ጣልያን ሄደች። ለሰመር እመለሳለሁ ያለች ልጅ በቫይበር ደውላ፣ ትንሽ ልቆይ ነው አለችኝ። የት ነው የምታድሪው ብላት፣ መነኮሳት ዘንድ። ይህን ለአንዲት ሴት ብነግራት እሷ ለሌላዋ ነገረች፤ በሳምንቱ ዶራቪል ገበያ ስወጣ ልጄ መንኩሳ ቆየችኝ። ካቶሊክም ሆናለች አሉ። እናት ምን ታድርግ? ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ተነሣሁ።

ማክሰኞ፣ ሮም

አውሮፕላኑ በተንገጫገጨ ቁጥር የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ ጠራሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ፈረንጅ በመጨረሻ አዝነው እጃቸውን ሰጡኝ፤ እሱን ጨብጬ ሮም ገባሁ። ባለቤቴ ይህን የሚያውቀው ገና አሁን፣ ይህን ጽሑፌን ጋዜጣ ላይ ሲያነብ ነው።

መክሊት አየር ማረፊያ ጠበቀችኝ። መጀመሪያ ያየሁት ራሷን ነው። ቆብ የለም። ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታለች። ምን ታያለሽ ስትለኝ፣ ከስተሻል አልኳት። ከዚያ ባቡር ያዝን፤ በመስኮቱ ወይራ፣ ኮረብታ፣ ኮረብታው ላይ የተቆለለ ከተማ፣ ደግሞ ወይራ።

ረቡዕ፣ አሲሲ

ዳገቱ ጉልበት ይጨርሳል። የትልቁ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ጥበቃው ደንግጦ መጣ፤ መክሊት አናገረችው፣ ስቆ አሳለፈኝ። ውስጡ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። አንዱ ቅዱስ ለወፎች ይሰብካል። የኛ አቡዬ ለተጠማችው ወፍ እንባቸውን አጠጧት እንጂ ስብከት አላበዙባትም፣ ብዬ መክሊትን አሳቅኋት።

ምሳ ዳቦ በቲማቲም አዘዝኩ፣ ስድስት ዩሮ። አስተናጋጁ ደረቅ እንዳይሆንብኝ አዝኖ አይብ ጨመረበት። ለመክሊት ገፋሁላት። «ዛሬ ጾም አይደል እንዴ?» አለችኝ። የካቶሊኩ ነገር እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀረ።

ሐሙስ፣ ስፔሎ

መክሊት የምታድርበት የእንግዳ ቤት እዚህች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። የሚያስተዳድሩት መነኩሴ እማሆይ ሮዛ ይባላሉ፤ አጭር፣ ጉንጨ ቀይ አሮጊት። ሽሮ ሰጠኋቸውና መክሊትን አስተርጓሚ አድርጌ ጠየቅኋቸው፦ ልጄን ልታመነኩሱብኝ ነው? መክሊት ይሄንን አልተረጉምም አለች። ተርጉሚ አልኳት።

እማሆይ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ይቺን? የጠዋቱን ደወል አንድ ቀን ሰምታው አታውቅም። እኛ እንቅልፋም አንቀበልም።»

ታዲያ ለምንድን ነው የማትመጪው አልኳት። እጄን ይዛ ወደምትሠራበት ጸሎት ቤት ወሰደችኝ።

ስሙን አሥሬ ነግራኝ ጠፍቶኛል። ጠባብ ነው፣ ግድግዳው ረግፏል። መክሊት የእንጨት ርብራቡ ላይ ወጥታ አንድ ፊት አሳየችኝ። አፉና አገጩ የሉም፤ ነጭ ልስን ብቻ። ፊቱ በጎን ነው የተሳለው፤ ዓይኑ አንድ። ክው አልኩ። በኛ ቤተ ክርስቲያን በአንድ ዓይን ማን እንደሚሳል ሕፃንም ያውቃል፤ ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው። ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው።

«እናትሽን ትተሽ የምታስታምሚው ይሁዳን ነው?» አልኳት። «ተይው ይርገፍ።»

መክሊት ከላይ አየችኝ። አልሳቀችም። «ማሚ፣ እመቤታችን እኮ ናት። መልአኩ ሲያበሥራት ወደሱ ዞራ ነው። እነሱ እንደዚህ ነው የሚስሉት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ነጠላዬን አጣፍቼ እመቤቴ ይቅር በይኝ አልኩ፤ ልሳለማት ስጠጋ ልጄ ቀለሙ ገና ነው እንዳትነኪ አለችኝ። እኔም የርብራቡን እንጨት ተሳለምኩ።

ከዚያ ቁጭ ብዬ አየኋት። እንደ ፀጉር በቀጠነ ብሩሽ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ መስመር ከመስመር አጠገብ ታሰልፋለች። ቤት ሳህን ሳታጥብ የምትተኛ ልጅ።

«ፊቷ እስኪሞላ ልቆይ ብዬ ነው» አለችኝ ሳትዞር። «ግን ነይ ካልሽኝ ነገ አብሬሽ እመጣለሁ።»

ነይ ልል ነበር የመጣሁት። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቀና ብዬ ያቺን አፍ የሌላትን ፊት አየሁና፣ ያመጣሁላት የቀረው ሽሮና በርበሬ የት እንደሚቀመጥ ጠየቅኋት።

እሑድ፣ አትላንታ

ባለቤቴ ሁለት ሰው ሲጠብቅ አንድ ሰው ወጣሁለት። ሻንጣዬን ተቀብሎ፣ ከኋላዬ የሚመጣውን ሕዝብ እስኪያልቅ አየ።

«ልጅቷስ?»

«ምን ላድርግ» አልኩት። «ድንግልን ያለ አፍ ጥላት ትምጣ?»