ቀይዋ መብራት

ባሕሪ በሚባለው ሰፈር፣ ጋራዥ ውስጥ፣ መካኒኩ ለአሮጌ መኪናዬ ተጨማሪ የሞተር ማጥፊያ ሲገጥም የተቃጠለ ሽቦ ሸተተኝ። የአባዬ ታክሲ ሽታ ነው።

አባዬ ያቺን አሮጌ ታክሲ አስጊጦ አይጠግብም ነበር። ዳሽቦርዷን እየበሳ ማብሪያ ይጨምርባታል፣ ባለቀለም መብራት ይደረድርባታል። ከሬዲዮው ሥር የደበቃት አንዲት ማጥፊያ ግን ሞተሩን ቀጥ ታደርጋለች። «ሌባ ቢነዳትም ሩቅ አይሄድ» ብሎ ለእኔ ብቻ አሳየኝ። ለእሷም ቀይ መብራት አበጀላት፤ ያለ መብራት መች ይሆንለትና።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከፊት፣ ከአባዬ ጎን ተቀምጫለሁ። ከቡሪ ሰፈር የጫንናቸው ሁለት ሰዎች አባዬን ጭንቅላቱን በብረት መትተው አስፋልቱ ላይ ጣሉት። አንዱ መሪውን ያዘና «ያላ፣ ቶሎ ውረጂ» አለኝ። አልወረድኩም፤ እጄን ሰድጄ ማጥፊያዋን ተጫንኳት። ሞተሩ ጸጥ አለ፤ ቀይዋ መብራት ደግሞ ቦግ አለች። ሰውየው መብራቷን አየ፣ ቀጥሎ ጣቴን አየ፣ ከዚያ አፌን በቡጢ አለኝ። ሁለት ጥርሴ ረገፈ።

አባዬ ደም ዓይኑን ሸፍኖት እየተንገዳገደ ደረሰ። የመቱበትን ብረት አንስቶ የሰውየውን ክንድ ሰበረው፤ ጓደኛው ሮጦ አመለጠ። አባዬ ግን ሰው ተረባርቦ እስኪይዘው መምታቱን አላቆመም።

ኋላ አፌን በሸሚዙ እየጠረገ፣ «የመታሁሽ እኔ ነኝ፣ ልጄ» አለኝ። ግራ ገባኝ፤ የመታኝማ ሰውየው ነው። በማግስቱ ቀይዋን መብራት በፒንሳ ነቅሎ ጣላት።

«እትዬ፣ ለማጥፊያዋ መብራት ላድርግላት? ያምርባታል» አለኝ መካኒኩ።

ምላሴ ወደ ድዴ ክፍተት ሄደ።

«ተዋት፣ ወንድሜ» አልኩት፤ «ከፊት የምትቀመጠው ልጄ ናት።»