ጆሮ የፈረደው ፍርድ

በሰፈሩ ውስጥ እናት አባቱ ባወጡለት ስም የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ጆሮ» ነው የሚሉት። ዕድሜውን የፈጀው ሬዲዮና አምፕሊፋየር ሲጠግን ነው። የተበላሸውን ዕቃ ገና ሳይከፍት፣ ድምፁን ብቻ ሰምቶ ሕመሙ የቱ ጋ እንደሆነ ይናገር ነበር። በተለይ የድሮዎቹን፣ እንደ ትንንሽ አምፖል በሚበሩ የመስታወት ቫልቮች የሚሠሩትን አምፕሊፋየሮች የሚወዱ ሰዎች እሱን ሳያማክሩ ምንም አይነኩም። የተለያዩ ቫልቮች ይዘው ይመጡና እያፈራረቁ እየሰኩ ያንኑ የዘፈን ሸክላ ደጋግመው ያጫውቱለታል። እሱም አዳምጦ «ይኼኛው ዘፋኟን አጠገብህ ያስቀምጣታል፤ ያኛው ከግድግዳ ጀርባ» ይላል። ከዚያ በኋላ ይግባኝ የለም።

ታዲያ ይኼ ይግባኝ የማይባልበት ዳኛ መስማት እየተሳነው ነበር። መጀመሪያ ቀጫጭኑ ድምፅ ራቀው፤ የስልክ ጥሪ፣ የሻይ ማፍያው ፉጨት። ሚስቱ ከእሱ ቀድማ አወቀች። ሐኪም ይይህ ስትለው፣ አንቺ ነሽ ድምፅሽን የቀነስሽው ይላታል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት እውነታቸውን ነው» ብላ ቀለደችበት። ሳቀ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ደግሞ ዘዴም አግኝቶ ነበር። ቫልቮቹ ሲፈራረቁ ሸክላውን ትቶ የዕቃውን ባለቤት ፊት ያያል። በየትኛው ላይ ግንባሩ እንደተፈታ፣ በየትኛው ላይ እግሩ እንደተወዛወዘ አይቶ ያንኑ ይመርጥለታል። ሰውየውም የራሱን ምርጫ ከጆሮ አፍ ሰምቶ ደስ ብሎት ይሄዳል። ማንም አልተጎዳም እያለ ራሱን ያጽናናል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ወጣት ፀጉር አስተካካይ ጠራው። ሱቁንም፣ አምፕሊፋየሩንም፣ ሸክላዎቹንም የወረሰው ከአባቱ ነው። ቫልቮቹም አባትየው በእጁ የሰካቸው ነበሩ። ወንድሙ ከመንገድ ሲመለስ አዲስ ስላመጣለት የትኞቹ እንደሚሻሉ ማወቅ ፈለገ። ጆሮን ደንበኛ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ፣ ከመስታወቱ ፊት ለፊት አስቀመጠው። ጆሮም በመስታወቱ የወጣቱን ፊት አያለሁ ብሎ ተማምኖ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ግን ሸክላው በተጫወተ ቁጥር ከአምፕሊፋየሩ በላይ አጎንብሶ ስለሚቆይ የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው።

ስለዚህ የቀረው የገዛ ጆሮው ብቻ ሆነ። በአሮጌዎቹ ሲጫወት ዘፋኙ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን መሰለው። አዲሶቹ ሲሰኩ ድምፁ ስለት አወጣ፤ ቃላቱ ሳይቀሩ ተሰሙት። ከስንት ጊዜ በኋላ ዘፈን በመስማቱ ልቡ ዘለለ።

«አዲሶቹ ናቸው» አለ።

ፀጉር አስተካካዩ እንዳጎነበሰ፣ «እሺ ጋሼ፣ አንተ ካልክ። አሮጌዎቹንስ?» አለ።

«እነሱማ ጊዜያቸውን ጨርሰዋል።»

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ሚስቱ ከገበያ ስትመለስ ከፀጉር ቤቱ ሙዚቃ መጥፋቱን ነገረችው። ምነው ብላ ፀጉር አስተካካዩን ብትጠይቀው፣ ድምፁ ጆሮዬን እየበሳኝ ነው፣ ግን የመረጠልኝ ጋሼ ስለሆነ ጥፋቱ የኔ ጆሮ ነው አላት። ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ ባሏን አየችው።

«ይኼን ልጅ ምን አድርገኸው ነው?»

ያን ቀን ምሳውን ሳይጨርስ ተነስቶ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄደ። ልጁ ብቻውን ፎጣ እያጠፈ ነበር። ጆሮ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም አሮጌዎቹ የት እንዳሉ ጠየቀው።

«ጊዜያቸውን ጨርሰዋል ብለህ የለ?» አለ ልጁ። «ከተጠረገው ፀጉር ጋር ጣልኳቸው።»

ጆሮ ወንበሩን ይዞ ቆመ። «አልሰማሁም ነበር» አለ። «ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል። ያን ቀን አዲሶቹን የመረጥኩት እነሱ ብቻ ስለተሰሙኝ ነው።»

ልጁ የያዘውን ፎጣ አጥፎ አስቀመጠ። ከዚያ ሳይቆጣ፣ እንደዋዛ ተናገረ። አሮጌዎቹ ሲጫወቱ አባቱ ከኋላው ቆሞ ምላጭ የሚስል እየመሰለው እንባው መጥቶ ነበር፤ ያጎነበሰውም ጆሮ እንዳያየው አፍሮ ነው። «አንተ ሌላ ስትል ግን፣ እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ ተውኩት።»

ልጁ ቀና ብሎ ቢሆን ኖሮ ጆሮ እንባውን በመስታወቱ ያየው ነበር፤ ፊት እያዩ የመፍረዱ ሐሰት ራሱ እውነቱን ያወጣለት ነበር። ይኼን ማሰቡ ደግሞ የባሰ አሳፈረው።

ከዚያ ወዲያ ወዳጆቹን ሁሉ እየዞረ ከአሮጌ ሬዲዮኖቻቸው ውስጥ ተመሳሳይ ቫልቮች ፈለገ። ለምን እንደሚፈልግ ሲጠይቁት እውነቱን ነገራቸው። አንዳንዶቹ ሳቁ፤ አንዳንዶቹ ቤታቸው ገብተው እሱ የመረጠላቸውን እንደገና ሲያዳምጡ ዋሉ። ከሚስቱ ጋርም ሐኪም ዘንድ ሄዶ የመስሚያ መሣሪያ ተደረገለት። ቫልቮቹን ሲያገኝ ለልጁ ወስዶ በእጁ ሰካለትና አንተስ ምን ትላለህ ብሎ ጠየቀው።

ልጁ ሸክላው እስኪያልቅ አዳመጠ። «ጥሩ ናቸው» አለ። «የአባቴ ግን አይደሉም።»

ቢሆንም አላወጣቸውም፤ ፀጉር ቤቱ እንደገና ሙዚቃ ያሰማ ጀመር። ጆሮ ፀጉሩን ሊስተካከል ሲሄድ ልጁ ወንበሩን ጠርጎ ያስቀምጠዋል፤ እንዲሰማው ብሎም ጠጋ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየ፣ በዝግታ ያናግረዋል። ጆሮ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ልጁ አንድ ቀን እንኳ ቢቆጣው በወደደ።