የዳሲቱ በርሜል

በቀላሉ የምደነቅ ሰው አይደለሁም። የሸበትኩት አቃቂ በሰቃ የቧንቧ ዕቃ ስሸጥ ነው፤ ቧንቧ የሚሸጥ ሰው ደግሞ በዚህች ዓለም የማያፈስ ነገር እንደሌለ ያውቃል። "ጋሽ ዚያድ፣ አዲስ ነገር ሠራሁ" እያለ ሱቄ የሚመጣውን ሁሉ "ማሻአላህ" ብዬ የጠየቀውን ሸጬ እሸኘዋለሁ። በሳምንቱ እያንጠባጠበ ይዞት ሲመለስም አልገረምም። የዳሲቱ ነገር ግን ይለያል። ስለሷ ማውራት ስጀምር ሚስቴ "ጀመረህ ደግሞ" ትለኛለች። ትበለኝ።

ዳሲቱ የዚሁ አገር ልጅ ናት። ዛሬ መጋዘንና ፋብሪካ የሞላው ሜዳ የአያቶቿ የጤፍ ማሳ ነበር። እርሻው ሲቀር እናቷ እትዬ አስካለች እዚያው ማሳው ላይ በተተከለው የክር ፋብሪካ ሻይ አፍልቶ ለማደል ተቀጠሩ። እሷ ቴክኒክና ሙያ ገብታ ብየዳ ተማረችና ቃሊቲ፣ ቦቴ የሚሠራበት ጋራዥ ገባች። የቦቴ ብየዳ ቀልድ አያውቅም፤ ካፈሰሰ የሚያዋርደው አገር በሚያየው መንገድ ላይ ነው። እጇ የተገራው እዚያ ነው።

ወደ ቡናና ሻይ ማሽን የገባችው በአጋጣሚ ነው። ሳሪስ ያለ አንድ ባለ ካፌ የማኪያቶ ማሽኑ ቦይለር ተሰንጥቆበት ጋራዡ ድረስ ተሸክሞ መጣ። በየደችለት። ሌላ ሰው ቢሆን ሒሳቡን ተቀብሎ ይሸኝ ነበር፤ እሷ ማሽኑን ተከትላ ካፌው ሄደችና አንድ ሻይ አዝዛ ስታይ ዋለች። በማግስቱም እንደዚያው። ባለቤቱ የገቢዎች ሰላይ መስላው ደረሰኝ መቁረጥ ጀመረ አሉ። እሷ ግን የምታየው እጅ ብቻ ነበር። ማኪያቶ የሚሠራው ልጅ ስኒ ባነሳ ቁጥር ክንዱን በእንፋሎቱ ላይ ያሻግራል፣ ክንዱ በሙሉ ጠባሳ ነው። የስኒውን መደርደሪያ ቆርጣ ወደ ሌላ ጎን አዞረችው፤ ከዚያ ወዲህ ልጁ ተቃጥሎ አያውቅም።

በኋላ ከሱቄ ጀርባ የራሷን ወርክሾፕ ከፈተች። ማንም የሻይ ማፍያ ቢያዛት መጀመሪያ ሄዳ ሰውየው ሲሠራ ታያለች። ቃሊቲ መናኸሪያ በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ሐጀራ ግራኝ መሆኗን እንኳ ከደንበኞቿ አንዱም ልብ አላለም፤ የዳሲቱ ማፍያ ሲመጣ ግን ሩቢኔቱ በግራ በኩል ነበር።

እኔን ያደረቀችኝ በሩቢኔት ነው። ልትገዛ ስትመጣ ካርቶኑን ገልብጣ አንድ በአንድ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ወደ ጆሮዋ ታስጠጋለች። አንድ ቀን መረረኝና "ልጄ፣ ሩቢኔት ነው የምትገዢው ወይስ ባል እየመረጥሽ ነው?" አልኳት።

ቀና እንኳ ሳትል "ባልማ ቢያስቸግር ሽማግሌ አለው ጋሼ፤ ሩቢኔትን ማን ያስታርቀዋል?" አለችኝ።

ነገሩ የመጣው በእናቷ በኩል ነው። የፋብሪካው የሻይ እረፍት ሩብ ሰዓት ነው። እትዬ አስካለች ትልቁን ማንቆርቆሪያ ተሸክመው በየሰልፉ እየዞሩ ይቀዳሉ። እያደር ትከሻቸው ታመመ፣ ዙሩም ዘገየ፤ ፊሽካው ሲነፋ ከኋላ ያሉት ባዶ ኩባያቸውን ይዘው ይመለሱ ጀመር። ፈቀደ የሚባለው የሠራተኞች አገልግሎት ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለም፣ ነገር ግን ስሞታ ሰለቸው። ሻዩ ይቅር፣ ሁሉም ከቤቱ በፔርሙስ ይዞ ይምጣ ብሎ ወሰነ። ሻይ ቀረ ማለት እትዬ አስካለች ከሥራ ወጡ ማለት ነው። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ትከሻ ማን ይቀጥራቸዋል? ዳሲቱ ቢሮው ሄዳ "ሻዩ በሩብ ሰዓት ለሁሉም ከደረሰ እናቴ ይቆያሉ?" ብላ ጠየቀችው። "ከደረሰማ ምን ቸገረኝ" አላት።

የሠራችው ነገር ያምር ነበር። አንዱ በርሜል በሌላው ውስጥ፣ ሁለቱም ስቴንለስ፤ በመሃላቸው ሙቀት እንዳይወጣ ከተጣሉ ፍሪጆች የፈታችው ስፖንጅ። የሻይ ቅጠሉና ቅመሙ በወንፊት ቅርጫት ሆኖ ከላይ በሰንሰለት ይወርዳል፤ ቀለሙ ሲደርስ እትዬ አስካለች ሰንሰለቱን ሳብ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ሻዩ አይመርም። ዙሪያውን አሥራ ሁለት ሩቢኔት። ሰልፍ የለም፣ ሸክም የለም፤ ሰው ከየአቅጣጫው መጥቶ ይቀዳል፣ ይሄዳል።

የሚያንጠባጥብ ሩቢኔት ካለ ላጠብቅ ብዬ በመጀመሪያው ቀን አብሬያት ሄድኩ። አንድም ጠብታ የለም። እረፍት ተነፋ፣ ሰው ግር ብሎ ወጥቶ በርሜሉን ከበበ፣ ከዚያም እጁን ሳይዘረጋ ቆመ።

"ጋሼ ይቅደሙ።"

"ኧረ አንቺ ቅጂ፣ እኔ ምን ያጣድፈኛል።"

"በሞቴ፣ እርስዎ ቆመው እኔ ልቅዳ?"

ዙሪያውን ይኸው ነው። አንዱ እንደምንም ደፍሮ ሲከፍት ደግሞ ለራሱ አይቀዳም፤ ከጎኑ ላለው ይቀዳል፣ ከኋላ ኩባያ ይዘረጋል፣ ለእሱም ይቀዳል። ሩቢኔቱ ጋ የቆመው ሁሉ አስተናጋጅ ሆኖ ቀረ። ፊሽካው ሲነፋ የሰዉ እኩሌታ አልጠጣም፤ ከማንቆርቆሪያው ጊዜ ባሰ። ፈቀደ ሰዓቱን አይቶ "እስከ ሰኞ ልታገስ" አለ። እትዬ አስካለች የተረፈውን ሻይ ቆመው ያዩት ነበር።

ስንመለስ ንዴቴ ሊገድለኝ ደርሷል። "ጠባቂ አቁሚና 'ሁሉም ለራሱ ይቅዳ' እያለ ይጩህባቸው!" አልኳት።

"ጥፋቱ የነሱ አይደለም ጋሼ" አለችኝ። "ጨዋ ሰው ለራሱ አስቀድሞ አይቀዳም። እኔ ነኝ ይህን ረስቼ የሠራሁት።"

በማግስቱ መጥታ ረጃጅም ቀጭን ብረትና የሽቦ ሞላ ጠየቀችኝ። ለሻይ ማፍያ ሞላ ምን ይሠራል? ይህቺ ልጅ በጭንቀት ልቧን ልትስት ነው ብዬ በጣም አዘንኩ። ሸጥኩላት፣ ግን አልጠየቅኳትም፤ መልሱን ፈርቼ ነበር። እስከ እሑድ ማታ ከሱቄ ጀርባ የመቁረጫው ጩኸት አልበረደም።

ሰኞ ዕለት በርሜሉን ሳየው ያው በርሜል ነው። ቀረብ ስል ግን የሩቢኔቶቹ እጀታ ተነቅሎ በምትኩ ረጃጅሞቹ ብረቶች እጀታ ሆነው ጥንድ ጥንድ ተቆላልፈዋል። በቀኝ የቆመ ሰው እጀታውን ሲጫን ሻዩ የሚወርደው በግራ ላለው ነው፤ የግራው ሲጫን ለቀኙ ይወርዳል። እጁን አሻግሮ ለራሱ ልቅዳ ቢል በመሃል የበየደቻት ላሜራ አታሳልፈውም። እጀታውን ሲለቁት ሞላው መልሶ ይዘጋዋል። ለራስ መቅዳት የሚባል ነገር የለም፤ ለሌላ ካልሆነ አይቀዳም።

እረፍት ተነፋ። ሰው መጣ፣ ከበበ። አንዲት ልጅ እንደ ልማዷ "ጋሼ ይቅደሙ" አለች፤ አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ መካኒክም "የለም አንቺ" ብለው ሊቀዱላት እጀታውን ተጫኑ። እሷም ልትቀዳላቸው የራሷን ተጫነች። የሁለቱም ኩባያ እኩል ሞላ። ተያዩና ሳቁ። ከዚያ ዙሪያውን አሥራ ሁለት እጅ ሲወርድ አየሁ፣ እያንዳንዱ ለጎረቤቱ። የቀዱት ሲወጡ ሌሎች ይገባሉ። ክርክር የለም፣ ልመና የለም፤ ያ ሁሉ "ቅደም፣ ቅደሚ" የት እንደገባ አላውቅም። ማንም አልቀደመም፣ ማንም አልተቀደመም። መጥረጊያ የያዘችው ሴት ለሺፍት አለቃው ትቀዳለች፣ እሱ ለእሷ። በሰላም ቀን የማይነጋገሩ ሁለት ሰዎች አንገታቸውን አቀርቅረው ሲቀዳዱም አይቻለሁ።

ሱብሃነላህ አልኩ። ሰውነቴን ወረረኝ፣ አልዋሽም። ዕድሜዬን ሙሉ የሸጥኩት ሩቢኔት ነው፤ በሩቢኔት ይህ ይደረጋል ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ብረቱን የማውቀው ብረት ነው፣ ሞላውንም የሸጥኩት እኔ ነኝ። ቆሜ ግን መስጊድ እንደገባ ሰው ድምፄን ዝቅ አድርጌ አወራ ነበር።

ሰዉ ሁሉ ጠጣ። ፊሽካው ሳይነፋ ኩባያቸውን አለቅልቀው ወደ ሥራቸው ተመለሱ፣ ግቢው ጭር አለ። ፈቀደ ጥግ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ዳሲቱ አልጠየቀችውም። እጇን ግን ጨርቅ ላይ ትጠርጋለች፣ ንጹሕ እጇን፣ ደጋግማ።

ያን ጊዜ እትዬ አስካለች አንድ ኩባያ ይዘው ወደ በርሜሉ ቀረቡ። ቆሙ፤ እጀታውን ተጫኑ፣ ሻዩ ባዶው ቦታ ላይ ፈሰሰ። ቶሎ ለቀቁት። ግራ ገብቷቸው ዞር ሲሉ ከፈቀደ በቀር ሰው የለም። እኔ ልቀዳላቸው ልሄድ ስል ዳሲቱ ክንዴን ያዘችኝ።

ፈቀደ ሰዓቱን ማየት ተወ። ከዚያ ከመደርደሪያው ኩባያ አንስቶ መጣና ከጎናቸው ቆመ። "ይያዙ፣ እትዬ" አለና ተጫነ። ኩባያቸው ሞላ። እሳቸውም ቀዱለት። እትዬ አስካለች ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ፤ በዚያ ግቢ ሌላ ሰው ሻይ ቀድቶላቸው አያውቅም። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ፈቀደ ፉት አለና ፊቱን ትንሽ አጨማደደ። "ቅርንፉዱ በዝቷል መሰለኝ፣ እትዬ" አላቸው። "ነገ ቀነስ ያድርጉት።"

ነገም ሻይ አለ ማለት ነው። ክንዴን የያዘው እጅ ለቀቀኝ። ዳሲቱ ግቢው መሃል፣ ባዶ የክር ካርቶን ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በጨርቁ ሸፈነች።