ሳንቃ የማያነሣ መስመር

ተከራዬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ ያለው ልጅ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ ላፕቶፑን ሲነካካ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ማንጎ እልጥ ነበር። ስክሪኑን አየት አደረግሁት። ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው፤ ጽሑፍ ብቻ። በየመስመሩ አንድ ስም፣ ቀጥሎ የእኩል ምልክት፣ ቀጥሎ ቁጥር።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የማሽኑ መመሪያ ነው አባባ። ስንት ሰው እንደሚያስተናግድ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቅ እዚህ ተጽፎለታል። ተራ ጽሑፍ ነው፣ ማንም ከፍቶ ያነበዋል። ቁጥሩን ከቀየሩት ሥራውም ይቀየራል።»

«ከፊታቸው መሰላል መሳይ ምልክት ያለባቸውስ?»

«እነሱን ማሽኑ አያነባቸውም፣ ዘሏቸው ያልፋል። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ማስታወሻ ነው። ፋይሉን አጨናንቀውታል፣ ላጠፋቸው ነው።»

ቢላዬን አስቀመጥኩ። «ተው ልጄ፣ መጀመሪያ አንብባቸው» አልኩት። ሳቀብኝ። የማንጎው ጭማቂ በክንዴ ላይ እየወረደ ነበር፤ እኔን የሸተተኝ ግን የኩልፎ ወንዝ ጭቃ ነው።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ትዳር ከያዝኩ ገና ዓመቴ። ገበሬ ማኅበራችን ከኩልፎ የጠለፈው ቦይ ነበረው፣ እኔን ውሃ አከፋፋይ አድርጎ መረጠኝ። ከእኔ በፊት ሥራውን የያዙት ሽማግሌ እግራቸው አብጦባቸው ደጋ፣ ጨንቻ ልጃቸው ዘንድ ሊወጡ ነበር።

በየአትክልቱ መግቢያ የእንጨት ሳንቃ ቆሟል። ሳንቃው ቁልቁል ተበሳስቷል፤ ከፍ ታደርገውና ችንካሩን በአንዱ ቀዳዳ ትሰካለህ። አንደኛው ላይ ከሰካኸው ውሃው ያዘግማል፣ አራተኛው ላይ ከሆነ ይጋልባል። የማን በር ስንተኛው ቀዳዳ ላይ እንደሚቆም ሽማግሌው በአንዲት ወረቀት ጽፈውት ነበር። እሳቸውም እንደኔው ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ነው። በየመስመሩ የባለ አትክልቱ መጠሪያ፣ ሁለት ነጥብ፣ ቁጥር። በቃ። ያልተጻፈ በር ሁሉ ሁለት ላይ ይቆማል።

በቁጥሮቹ መሃል ደግሞ ከፊታቸው አጭር ዱላ የተጋደመባቸው መስመሮች ነበሩ።

«እነዚህ ሳንቃ አያነሡም» አሉኝ ሽማግሌው። «ለአንተ ናቸው። አንብባቸው ብቻ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ለሽማግሌ እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ማንበቡንስ አነበብኳቸው። ግን ያኔ የእኔ ንባብ ፊደል በፊደል ነው፤ መስመሩ መጨረሻ ስደርስ መጀመሪያው ጠፍቶኛል። ወረቀቷ ደግሞ ርጥበት በልቷት ጠርዟ ተበጣጥሷል። ከመሠረተ ትምህርት ጣቢያ አንድ ንጹሕ ወረቀት ለመንኩና ምላሴን በጥርሴ ይዤ እንደገና ጻፍኩት። ሳንቃ ካላነሡ ምን ሊያደርጉ ብዬ ባለ ዱላዎቹን ተውኳቸው። ሊቀመንበሩ አይተው «ይሄ ነው እንጂ! ያ ሽማግሌ ወረቀቱን ወሬ ሞልቶት ነበር» ብለው ትከሻዬን መቱኝ። አሮጌዋን ወረቀት ባለቤቴ ጨው ጠቀለለችባት።

እዚህ ላይ ስደርስ ተከራዬ ጣቱን ከላፕቶፑ ላይ አነሣ።

በመጨረሻው በር ላይ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት ሴት ነበሩ። ቁጥራቸው አንድ። ጎረቤቶቻቸው ሦስትና አራት ይዘዋል። የጥር ፀሐይ የሙዛቸውን ቅጠል ጠርዝ ጠርዙን አቃጥሎት፣ ነፋስ ሲነካው ይንኮሻኮሻል። ሽማግሌው የበደሏቸው መሰለኝ። እሳቸው ማዕተብ ያሰሩ ናቸው፣ ሴትዮዋ ደግሞ ጴንጤ፤ ለዚህ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ። አንዱን ሰረዝኩና ሦስት ጻፍኩ። ጠዋት ችንካሩን ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ሰካሁ። ውሃው ፏ እያለ ሲገባ ሰማሁትና ጽድቅ እንደሠራ ሰው እያፏጨሁ ሄድኩ።

በነጋታው ስመጣ ሴትዮዋ በአትክልታቸው ዝቅተኛ ጥግ ጭቃ ውስጥ ተንበርክከዋል። ውሃው ቀይ ሆኖ ተኝቷል። በሁለት እጃቸው አፈር እየሰበሰቡ ይከምራሉ፤ የከመሩት እየቀለጠ ይመለሳል።

«ማነው የከፈተው?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«እኔ ነኝ እማማ። ሙዙ ጠምቶት አይቼ...»

«ሙዙማ ይጠማው! ሙዝ ይተከላል። እሱን ከየት አመጣዋለሁ?»

ነገሩን ያኔ ከአፋቸው ሰማሁ። ባላቸው የሞቱት ጸሎት ቤታቸው በታሸገ ጊዜ ነበር። የመቃብር ቦታ የሚሰጣቸው ጠፋና በገዛ አትክልታቸው ተቀበሩ። ጉድጓዱን የቆፈሩት እኒያ ማዕተብ ያሰሩት ሽማግሌ ናቸው። ያ ጥግ ውሃ እንዳይተኛበት በሩን አንድ ላይ ያቆሙትም እሳቸው ናቸው፣ ሴትዮዋ ለምነዋቸው።

«ወረቀቱ ላይ ጽፈውት ነበር እኮ» አሉኝ። «ሲጽፉ አጠገባቸው ቆሜ። አላነበብክም?»

ቤቴ ሮጬ ባለቤቴን ጠየቅኋት። የጨው ወረቀቷን ፈልጋ አወጣችልኝ፤ ጨው በልቷት ከሁለት ነጥቦች በቀር የሚነበብ አልነበረባትም። ሦስት ቀን ሙሉ እኔና እሷ ከላይ ማሳ ደረቅ አፈር በጆንያ ተሸክመን አወረድን። ለውሃው መውጫ ቀደድንለት፣ ጉብታውን መልሰን ሠራን፣ ዙሪያውን የወንዝ ድንጋይ ደረደርንበት።

ሲያልቅ ሴትዮዋ ከዚያው ከተቃጠለው ሙዛቸው ሁለት ቆርጠው ሰጡን። ትንንሽ ነበር፣ ግን ጣፋጭነቱ!

«ብላ እንጂ፣ ምን ታፈጥብኛለህ» አሉኝ። «ለደግ ብለህ እንደሆነ አውቄያለሁ። በል ወረቀትህን አምጣ።»

አወጣሁ። ሦስቱን ወደ አንድ መለስኩ።

«ዱላዋን አጋድማት።»

አጋደምኳት። «ምን ልበል እማማ?»

ወደ ጉብታው ዞር አሉ። «ሰው አለ በል። ሌላ አትጨምር፣ ሊቀመንበሩም ያየዋል።»

ጨንቻ ወጥቼ ለሽማግሌው ልነግራቸው፣ ይቅርታም ልጠይቃቸው አሰብኩ። ዛሬ ነገ ስል መርዷቸው ወረደ። ሌሎቹ ባለ ዱላ መስመሮች ምን ይሉ እንደነበር ከዚያ ወዲህ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ውሃ ሳከፋፍል በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አንድ በር ሳነሣ፣ ይሄም ምክንያት ይኖረው ይሆን እያልኩ እጄ ያመነታ ነበር።

ሴትዮዋ ያረፉት ደርግ ሊወድቅ ሲል ነው። ከባላቸው ጎን አድርጉኝ ብለው ነበርና እንዳሉት አደረግን። ለቀስተኛው ሲበተን እኔ በሩ ጋ ቀረሁ። ችንካሩን ነቀልኩ፣ ሳንቃውን እስከ መሬት ለቀቅሁት፤ ውሃው ትንሽ ተንሾካሾከና ዝም አለ። ከኪሴ ወረቀቷን አወጣሁ። አንዱን ሰርዤ ዜሮ ጻፍኩ። ከሥሩ ዱላዋ እንደተጋደመች ነበረች። ከፊቷ ያለውን «ሰው አለ» ሰረዝኩና፣ አሁን ፊደሉ ሳያስቸግረኝ፣ «ሁለት ሰው አለ» ብዬ ጻፍኩ።