ሦስት ሰው ያጠጣት ዝግባ

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ተራ ነገር የሳሎናችንን ዝግባ ከአቧራ መጥረግ ነው። እኔ የውሃውን ሳህን ያዝኩ፤ እሱ በእርጥብ ጨርቅ ቅጠሉን አንድ በአንድ ጠረገ። መሀል ላይ፣ ቀና ሳይል፣ «እኔ እኮ ፈርቻለሁ» አለኝ። «እኔም» አልኩት። ከታመመ ጀምሮ ፍርሃታችንን ወራት ሙሉ ስንደባበቅ ከርመን ነበርና ሁለታችንንም ቀለለን። ከአራት ቀን በኋላ አረፈ።

ዝግባ ቤት ውስጥ ሲያድግ መጀመሪያ ያየሁት በጃንሆይ ዘመን፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ነው። አባቴ ባቡር ጣቢያ ሥራ አግኝቶ ከደጋ ስንወርድ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ሙቀቱን አልቻለችውም፤ ሰዉ ሦስት አራት ቋንቋ እየቀላቀለ ሲጫወት እሷ ዝም ትላለች። አጎቴ ስንዝር የምታህል የዝግባ ችግኝ በባቡር ላከላት። ውጭ ፀሐዩም ፍየሉም ስለማይምራት በዘይት ቆርቆሮ ተክላ መስኮት ሥር አኖረቻት። አባቴን «ይቺ ከደረቀች እኔም ወደ ሀገሬ ነኝ» ስትለው ሰማሁ። ልብሷንም በአንሶላ ቋጥራ አልጋ ሥር አስገብታ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ፤ ይረግፍም ጀመር። ጠምቷት ነው ብዬ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት የምጠጣውን ውሃ ተደብቄ እደፋላት ጀመር። ባጠጣኋት ቁጥር ባሰባት። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ የማስበው እናቴ የሌለችበትን ቤት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤታችን ኤዶ ፋጡማ መጣች። ሶማሌ ባለሱቅ ናት፤ ኤዶ በቋንቋቸው አክስት ማለት ነው። ቆርቆሮውን ዘንበል ስታደርገው የሸተተ ውሃ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«አቦ፣ ዛፍ ነው የምታሳድጉት ዓሣ? ማነው የሚያጠጣው?»

«እኔ ነኝ፤ ጠዋትም ማታም» አለች እናቴ።

«እኔም» አልኩ እያለቀስኩ።

አባቴ ጫማውን እያወለቀ ነበር። «ከሥራ ስገባ እኔም ትንሽ ጠብ አደርግላታለሁ» አለ።

«አንተን ደግሞ ምን አገባህ?» አለችው እናቴ።

«እንዳትሄጂብኝ ነዋ።»

ኤዶ ፋጡማ የቆርቆሮውን ቂጥ በምስማር እየበሳች፣ «አፈሩ ሳይደርቅ ውሃ የሚሰጣት ሰው ከሱቄ ስኳር አያገኝም» ትላለች።

እናቴ አዲስ ቅጠል እስኪወጣ አልጠበቀችም፤ በዚያው ቀን ቋጠሮዋን ፈታች። ዝግባዋም ከወር በኋላ ጫፏ ላይ ለጋ አረንጓዴ አወጣች።

ያኔ ሦስታችን በአንድ ቤት አንድ ዓይነት ፍርሃት ይዘን፣ አንዳችን ለሌላው ሳንናገር ከረምን። ባለቤቴ ግን ነግሮኝ ሄደ፤ በሐዘኔ መሀል የሚያሳርፈኝ ይህ ነው። አሁን ቤቱ ጭር ሲልብኝ ለልጄ እደውልና እንደፈራሁ እነግራታለሁ።