ወንዝ የሚሻገረው ችቦ

ልጅ ሳለሁ፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አባዬ ካሰራቸው ችቦዎች ሁሉ ሸጋውን ይመርጥና ሳይለኩሰው ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ አልዌሮ ወንዝ ይወርድ ነበር። ከማዶ አንድ ረጅም የአኝዋ ሰው ታንኳውን እየቀዘፈ ይመጣል። ችቦውን ይቀበላል፣ አንዳንዴ ዓሣ ይሰጠናል፣ ከአባዬ ጋር ትንሽ ይሳሳቃሉ፣ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ነው በእኛ መንደር ክብሪት የሚጫረው። እኔ ታዲያ ይሄ የአገር ሁሉ ወግ ይመስለኝ ነበር። ዓመት በዓል ማለት ዶሮ፣ ጠላ፣ ለማዶ ሰው ደግሞ ያልበራ ችቦ።

መንደራችን አቦቦ አጠገብ ያለ የሰፈራ መንደር ነው። ወላጆቼ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። እኔ እዚያው ተወለድኩ፤ ኋላ ጋምቤላ ከተማ ገብቼ ልብስ ሰፊ ሆንኩ። ከተማ በገባሁ በመጀመሪያው ዋዜማ አንድ ችቦ አስሬ ለአከራዬ ወሰድኩላቸው። ሴትዮዋ የጎሬ ሰው ናቸው፤ ችቦውን አገላብጠው አዩት።

«ምን ላድርገው ልጄ?»

«ያስቀምጡት። ሳናበራ በፊት ለጎረቤት ይሰጣል።»

«ኧረ ተይኝ። ችቦ ያበሩታል እንጂ እንደ ቡና ቁርስ ለጎረቤት ያድሉታል እንዴ?»

ግቢው በሙሉ ሳቀብኝ። እኔ ደግሞ ሲስቁብኝ አልወድም። ወግ የማያውቅ ሰው መሃል ገባሁ ብዬ እስከ መስቀል ድረስ አኮረፍኳቸው።

ለመስቀል መንደር ስሄድ አባዬን በነገር ያዝኩት። «የማን ወግ ነው ይሄ? ሰው ፊት አዋረድከኝ እኮ።»

አባዬ ስለ ሰፈራው የመጀመሪያ ዓመት ከጠየቁት ከብቶቹን ልይ ብሎ የሚነሳ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ኩርፊያዬን አይቶ መሰለኝ ተቀምጦ ነገረኝ። ሲያመጧቸው እነሱን ማንም ትሄዳላችሁ ወይ አላላቸውም፤ የመሬቱን ባለቤቶችም ማንም አልጠየቀም። ሙቀቱና ወባው ስንቱን በላ። መስከረም ሲጠባ ወንዶቹ «እስቲ ዓመቱን እንኳ እንደ ሰው እንቀበል» ተባባሉና፣ ምድጃ ላይ ያደረቁትን ሸምበቆ አስረው አበሩ። እዮሃ እያሉ በጎጆዎቹ መሃል ሮጡ፣ ወደ ወንዙም ወረዱ። ናፍቆታቸውን በጩኸት ሊያወጡት ነበር።

ማዶ ያሉት ያዩት ሌላ ነው። ቋንቋውን የማያውቁት ሰው እሳት ይዞ፣ እየጮኸ፣ ተሰልፎ ሲመጣባቸው። ምን ይበሉ? ልጆቻቸውን አንጠልጥለው ታንኳ ላይ ወጡና በዚያ በሞላ ወንዝ ቁልቁል ሸሹ። አንዲት እርጉዝ እዚያው ታንኳ ላይ ምጥ ያዛት፤ ሴት ልጅ ወለደች።

«ጠዋት ውኃ ልቀዳ ስወርድ ማዶ ጭር ብሏል» አለኝ አባዬ። «አንድ ጭስ የለም። ሰው ከቤቱ ማባረሬ ያኔ ገባኝ። እኔ፣ ራሴ ከቀዬዬ የተነቀልኩት።»

እሱ እዚያ ቆሞ ሳለ የሕፃኗ አባት ጦሩን ይዞ ከማዶ ብቅ አለ፤ ያ እኔ የማውቀው ረጅሙ ሰው ነው። መግባቢያ ቋንቋ የላቸውም። አባዬ ምን ያድርግ፤ ሮጦ የተረፈ ችቦ አመጣና ለኩሶ፣ መሬት ላይ ጥሎ ብቻውን ይዘለው ጀመር። እዮሃ ይላል፣ ይዞራል፣ እንደገና ይዘላል። ቤት ውስጥ ሲስቅ እንኳ አይቼው የማላውቀው ኮስታራው አባቴ። የሱሪው ጫፍ እሳት ሲይዝ ዘሎ ወንዙ ውስጥ ገባ። ሰውዬው ጦሩን ተደግፎ በሳቅ ፍርስ አለ። በሚቀጥለው ዓመት አባዬ ገና ሳይመሽ አንድ ችቦ አሻገረ፤ የምታዩት እሳት ይሄ ነው፣ አትሽሹ ማለቱ ነው። የእኛ ወግ እንግዲህ ከወሎ አልመጣም።

ዘንድሮ ነገሩ ተበላሸ። የአባዬ ወዳጅ በበጋው ሞቷል። መንገድ ላይ ችግር ተፈጥሮ እኛና የማዶ ሰዎች ተጠራጥረን ነው የከረምነው፤ ገበያ ላይ እንኳ ተራርቀን ነው የምንቆመው። ለበዓሉ ስደርስ መንደሩ ተፋጥጧል። ጎረምሶቹ «በዚህ ጊዜ ማን ይሻገራል? እዚሁ አብርተን እንግባ» ይላሉ። አባዬ ደጃፉ ላይ ችቦውን በጉልበቶቹ መሃል አቁሞ ተቀምጧል።

«ካልተሻገረ አይበራም» አለ። «ልጅ አንጠልጥለው ዳግመኛ ውኃ ከሚገቡ በጨለማ ባከብር ይሻለኛል።»

«በቃ እኔ ልውሰደው።»

«አንቺን ልኬ ነፍስ ይቀርልኛል?»

ያን ሁሉ ዘመን ማዶ እንዳይፈራ ሲል ወንዝ ሲወርድ የኖረ ሰው፣ አሁን እሱ ራሱ ማዶን ፈርቷል። ከዚህ ወዲያ ችቦው ቢበራስ ምን ያደርጋል ብዬ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከወንዙ በኩል አንዲት ሴት መጣች። ያኔ ታንኳ ላይ የተወለደችው ናት፤ ዛሬ የልጆች እናት ሆናለች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነክቷታል፣ እጇ ላይ ጭስ ያጠቆረው ችቦ ይዛለች።

«አባባ፣ ዘንድሮ ችቦ የለም?» አለችው። አንቱ ማለት አታውቅም፤ አባዬም ከእሷ አንተን ይወዳል። «ጠበቅን፣ ጠበቅን፣ አልመጣህም። ይሄ የአምናው ነው። ጣሪያ ስር ነበር።»

«ጉልበቴ እኮ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«አባቴ ሳይሞት ነግሮኛል። አንድ ዓመት ችቦ ከቀረ አንቺ ሂጂ አለ። ፈርተው ይሆናል አለ።»

ጎረምሶቹ መሬት መሬቱን አዩ። አባዬ ከኪሱ ክብሪት አወጣ፤ አንድ ሁለቴ ቢሞክር አልጫር አለው። እሷ ተቀበለችውና የአምናውን ችቦ ለኩሳ እግሩ ሥር አስቀመጠችው።

«ዝለል» አለችው። «አባቴ ሁልጊዜ ያወራ ነበር።»

አባዬ ትከሻዬን ተደግፎ ተነሳ። መዝለሉ ቀርቶ አንድ እግሩን ብቻ ከፍ አደረገላት። እሷም እንደ አባቷ በሳቅ ፍርስ አለች።